አዘዞ ላይ ቤት መግዛት፦ ርካሹ ካሬ ስንት ያስወጣል?

ጎንደር ላይ ቤት ለመግዛት አስቦ ደላላ ዘንድ የሄደ ሰው፣ የያዘውን ብር ገና ሳይናገር ወደ ደቡብ ይመራል። «አዘዞ በኩል ይሻልዎታል፤ ሜዳ ነው፣ ካሬውም ቀለል ይላል» ይባላል። ብሩ አነስ ካለ ደግሞ ከአዘዞ አልፎ ወደ ጠዳ ዝቅ ይደረጋል። ደላላው አልዋሸም። አዘዞ እውነትም ሜዳ ነው፤ የካሬው ዋጋም ከፒያሳና ከማራኪ ያነሰ ነው። ደላላው የማያነሳው ሌላ ሂሳብ አለ። መሐል ከተማ ላይ ከቤቱ ጋር አብሮ የሚመጣው ውሃ፣ መንገድ፣ የመብራት ቆጣሪና የተጣራ ወረቀት ዳር ላይ አብሮ አይመጣም። ገዢው አንድ በአንድ፣ በራሱ ወጪና በራሱ ጊዜ ያሟላዋል። የዳር ሰፈር ቤት የሚረክሰው ከተማው ያልሠራውን ሥራ ገዢው ስለሚረከብ ነው፤ ይህን ሳይደምር የገዛ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ የመሐሉን ዋጋ ከፍሎ የዳሩን ኑሮ ሲኖር ራሱን ያገኘዋል።

ለምን ወደ ደቡብ?

አጼ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. መናገሻቸውን የቆረቆሩት በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ከፍታ ላይ ነው። ለንጉሥ ግቢ የሚመች አቀማመጥ ለሰፊ ከተማ አይመችም። በግራም በቀኝም ወንዞቹ የቆረጡት ሸለቆ አለ፤ ወደ ሰሜን፣ በደባርቅ መውጫ፣ ዳገቱ ይበረታል። መሐሉ ላይ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ ስላለ በዙሪያው እንደልብ ፎቅ አይቆምም። ጣሊያን ትቶት የሄደው ፒያሳ አለ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ተወርሰው የቀበሌ ቤት የሆኑት ጠባብ ግቢዎችም አሉ፤ የቀበሌ ቤት ደግሞ ተከራዩ ሊሸጠው አይችልም። ስለዚህ መሐል ከተማ ላይ ለገበያ የሚቀርበው ቤት ጥቂት ነው፤ ሲቀርብም ዋጋው አይቀመስም።

የቀረው ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድና ወደ ደምቢያ የሚዘረጋው ሜዳ ነው። የአጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ አዘዞ ነው፤ የመተማ መንገድም የሚገነጠለው እዚያው ነው። በነገራችን ላይ አዘዞ «አዲስ ሰፈር» ሲባል የሚስቁ ጎንደሬዎች አሉ፤ እውነት አላቸው። የፋሲለደስ አባት አጼ ሱስንዮስ ያረፉት አዘዞ ገነተ ኢየሱስ ነው። ዛሬ ዳር የሚባለው ቦታ ነገሥታት የከተሙበት ከጎንደር መቆርቆር በፊት ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የጎንደር ሕዝብ ከ200 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ከተማዋ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ፣ የጤና ባለሙያው፣ ነጋዴው፣ ጥምቀትን ምክንያት አድርጎ መጥቶ «አንድ ቦታ ይኑረኝ» ብሎ የሚመለሰው የውጭ ነዋሪ፣ ሁሉም ቤት ፈላጊ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ከገጠር ወረዳዎች ንብረቱን ሽጦ ወደ ከተማ የገባው ሰው ሲጨመር ገበያው ምን እንደሚመስል መገመት አይከብድም።

ወረቀቱ

ዳር ላይ የሚሸጥ ቤት ሁሉ «ካርታ አለው» ተብሎ ነው የሚተዋወቀው። ጥያቄው ምን ዓይነት ካርታ፣ በማን ስም፣ በምን ላይ የሚለው ነው።

ለገዢ የሚሻለው በሕጋዊ ይዞታ ላይ የተሠራ፣ በሻጩ በራሱ ስም ካርታ የወጣለት ቤት ነው። እዚህም ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲዞር፣ አዲሱ ባለይዞታ ወደ ሊዝ ይገባል፤ ቦታውን ለተወሰነ ዘመን ከመንግሥት በክፍያ ይይዘዋል ማለት ነው። ሻጩ በዓመት ትንሽ የቦታ ኪራይ ብቻ እየከፈለ የኖረበት ግቢ ለገዢው የሊዝ ክፍያ ይዞበት ሊመጣ ይችላል። በተቃራኒው ቦታው ከመጀመሪያውም በሊዝ የተያዘ ከሆነ ሻጩ ስንት ዓመት እንደከፈለና ስንት ውዝፍ እንዳለበት መጠየቅ ያስፈልጋል። የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው፤ ዘመኑ መርዘሙ ክፍያውን አያስቀረውም።

ሁለተኛው የማኅበር ቤት ነው። በአማራ ክልል ከተሞች ደመወዝተኛው ቦታ የሚያገኝበት ዋናው መንገድ የመኖሪያ ቤት ማኅበር ነው፤ አባላቱ በዝግ ሂሳብ ይቆጥባሉ፣ ዓመታት ይጠብቃሉ፣ ተራው ሲደርስ ቦታ ተሸንሽኖ በዕጣ ይከፋፈላል። በመጠበቁ መሐል የሚሰለች አለ፣ የሚዛወር አለ፣ ለሕክምና ብር የሚቸገር አለ። እነዚህ ሰዎች ያላቸውን ነገር ይሸጣሉ፤ የሚሸጡት ግን ገና ቤት አይደለም። የሊዝ አዋጁ ግንባታ ያልተጀመረበትን ወይም ግማሽ ያልደረሰውን ቦታ በነጻ ገበያ እንዳይሸጥ ገድቧል። እንዲህ ያለ ቦታ ሲተላለፍ አስተላላፊው የሚያገኘው የከፈለውን ሊዝ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከመተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ነው፤ ሽያጩም አግባብ ያለው አካል በተገኘበት ነው የሚካሄደው። ባዶ ቦታ ይዞ ማትረፍ እንዳይቻል የታሰበ ድንጋጌ ነው።

ገበያው ይህን ድንጋጌ የሚያልፍበት በር ውክልና ነው። ሻጩ ለገዢው «እንዲሠራ፣ እንዲያስተዳድር፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» ብሎ ሙሉ ውክልና ይሰጠዋል፤ ብሩን ይቀበላል፤ ካርታው ላይ ስሙ ይቆያል። ገዢው ሰነዱን ይዞ ደስ ብሎት ይወጣል። በእጁ ያለው ግን የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ ወካዩ ሲሞትም ውክልናው በመርሕ ደረጃ ያከትማል። አምስት ዓመት ኖሮበት፣ ግቢውን አጥሮ፣ ዛፍ ተክሎ፣ አንድ ቀን የሻጩ ልጆች «የአባታችን ቤት» ብለው በር ሲያንኳኩ ክርክሩ ከየት እንደሚጀምር ማንም ጠበቃ ይናገራል። የትዳር ጉዳይም አለ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ቤት የጋራ ነው፤ ባል ብቻውን ፈርሞ የሸጠውን ሚስት ልትቃወመው ትችላለች። ሻጭ ነጠላ ነኝ ካለም ይህን የሚያረጋግጥ ወረቀት መጠየቅ ነውር የለውም፤ የሚቀየም ሻጭ ካለ መቀየሙ ራሱ መልስ ነው።

ሦስተኛው ያለ ሰነድ የተያዘው ነው፤ ሰነድ አልባ የሚባለው፣ ሌሊት ቆሞ የሚያድር ከሆነ ደግሞ የጨረቃ ቤት። የአዘዞና የጠዳ ጠርዝ ላይ ርካሽ የሚባለው ካሬ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚህ ነው። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

አንድ የመንደር ውል ሲጻፍ

ገበሬው፣ ገዢው፣ ደላላውና ሦስት ምስክሮች አንድ ሻይ ቤት ይቀመጣሉ። የእጅ ጽሑፉ የሚያምር ሰው ይፈለጋል። ውሉ «የቤት ሽያጭ ውል» ተብሎ ይጀምራል። የገጠር መሬት መሸጥ ስለማይቻል፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ስለደነገገ፣ መሬት ሸጥኩ ብሎ የሚጽፍ ሰው የለም። ስለዚህ እርሻው ላይ አስቀድሞ አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፣ ከላይ ጥቂት ቆርቆሮ ይመታበታል፤ ውሉም «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን እገሌ፣ በደቡብ ወንዝ የሚያዋስነውን ቤቴን በፈቃዴ ሸጫለሁ» ይላል። ዋጋው የሚጻፍበት ቦታ ላይ ጥቂት ክርክር ይነሳል፤ አንዳንዱ ከእውነተኛው ዋጋ አሳንሶ ያስጽፋል። ከዚያ «ከዚህ በኋላ ተቃዋሚ ቢመጣ መልስ እሰጣለሁ» የሚለው ይጨመርና ሁሉም ይፈርማል። መፈረም የማይችለው አውራ ጣቱን ይነክራል። ብሩ ይቆጠራል፤ ደላላው ከሁለቱም ወገን የድርሻውን ይወስዳል።

ይህ ሥርዓት ከባዶ የመጣ አይደለም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ውስጥ የመሬትና የቤት ሽያጭ በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይመዘገብ ነበር፤ ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋጋው፣ ዋሱ፣ ምስክሩ እየተጠራ። ልዩነቱ የዚያ ዘመን ሽያጭ ሁሉም በሚያከብረው መጽሐፍ ላይ ተጽፎ በደብሩ እጅ መቀመጡ ነው። የዛሬው የመንደር ውል ተጣጥፎ ገዢው ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ የመንግሥት መዝገብ አያውቀውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ ስሙ በይዞታ መዝገብ ካልዞረ ደግሞ ገዢው በሦስተኛ ወገን ላይ የሚያነሳው መብት የለውም። ሻጩ ያንኑ ቦታ ለሌላ ሰው በሕጋዊ መንገድ ቢያዞርለት፣ ሻይ ቤት የተፈረመው ወረቀት የሚያስመልሰው ቢበዛ ብሩን ነው፤ እሱም ሻጩ ከተገኘ፣ ውሉ ላይ የተጻፈውንም ያህል ብቻ።

ገበሬውን እንደ ወንጀለኛ መሳል ቀላል ነው፤ ሂሳቡን ያየ ሰው ግን ለመፍረድ ይቸገራል። ከተማው ሲሰፋ እርሻው ለሕዝብ ጥቅም ይወሰድበታል። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት በቋሚነት የተነሳ ገበሬ የመፈናቀያ ካሳ የሚሰላለት በሰብሉ ነው፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት የተሻለ ምርት የሰጠው ዓመት ገቢ በ15 ይባዛል። ጤፍና ሽንብራ የሚያውቀው የካሳ ቀመር ካሬ የሚባል ነገር አያውቅም። ደላላው ግን የሚቆጥረው በካሬ ነው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ያህል ነው፣ 2,500 ካሬ ገደማ። የውስጥ መንገድ ቀንሶ በ200 ካሬ ቢሸነሸን አሥር ቦታ ይወጣዋል። አሥር ቤተሰብ በየቦታው የሚከፍለውን ከአንድ እርሻ የአሥራ አምስት ዓመት ምርት ጋር ያስተያየ ገበሬ፣ የከተማው ችካል እስኪተከልበት ሳይጠብቅ ቢሸጥ ምን ይገርማል? የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ቤተሰቡ ነው። የገጠር ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ ሻይ ቤት ውል የሚፈርመው ግን ባልየው ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ገዢውስ ይህን ሁሉ እያወቀ ለምን ይገባል? «አንድ ቀን ሕጋዊ ይሆናል» ብሎ ነው። ተስፋው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ቀደም ብለው የተያዙ ሰነድ አልባ ቦታዎች ከፕላን ጋር ካልተጋጩ ወደ ሕጋዊነት እንዲገቡ የሊዝ አዋጁ በር ከፍቶ ነበር፤ በየከተማው ካርታ ያገኙ አሉ። ያን ያየ ሰው ቀጣዩ ዙር እኔን ይመለከታል ብሎ ይገዛል። ነገር ግን እንዲህ ያለው በር የተከፈተው ከተወሰነ ቀን በፊት ለተያዘ ቦታ ነው፤ ዛሬ የቆመ ቋሚ የትናንት አይሆንም። አፍራሽ ግብረ ኃይል ሲመጣ ደግሞ ለሕገ ወጥ ይዞታ ካሳ የለም።

አፈሩ

ስለ ወረቀት የሚጠይቅ ገዢ አለ፤ ስለ አፈር የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው። የአዘዞ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው። ለሽንብራና ለጤፍ የተባረከ፣ ለቤት ግን ጠላት ነው። ክረምት ውሃ ይጠጣና ያብጣል፣ በጋ ይደርቅና እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይተረተራል። በላዩ ያረፈ ቀላል ቤት አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ግድግዳው ቶሎ አይወድቅም፤ ዓመት እየቆጠረ ነው የሚናገረው።

ምልክቱን ማንም ሰው ማየት ይችላል። የመስኮትና የበር ማዕዘን ላይ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ይፈለግ። በር ሲዘጋ ከታች የሚነካ ከሆነ፣ ወይም ቁልፉ ሊገባ ከተቸገረ፣ ምናልባት አናጢው አይደለም ጥፋተኛው። ግቢው ውስጥ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የፈሰሰው ሲሚንቶ ከግድግዳው ተላቆ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከፈጠረ መሬቱ እየሠራ ነው። ሊሸጥ ሲል አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት ሲያጋጥም ቀለሙን ትቶ የጎረቤቱን ግድግዳ ማየት ይሻላል፤ ጎረቤቱ የሚሸጠው ነገር የለውም። ከተቻለም ቤቱን ሁለት ጊዜ ማየት ነው፤ አንዴ ግንቦት ላይ አፈሩ ደርቆ ሲሰነጠቅ፣ አንዴ ነሐሴ ላይ ውሃው የት እንደሚተኛ ሲታወቅ። በጋ ላይ ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ክረምት ላይ ግቢው ኩሬ ሆኖ ቢያገኘው ሻጩን መክሰስ ይቸግረዋል።

ባዶ ቦታ ይዞ የሚሠራ ሰው መፍትሔ አለው፤ ርካሽ ግን አይደለም። ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካል፣ እየተረጨና እየተጠቀጠቀ፤ መሠረቱም ጠንካራው መሬት ድረስ ይወርዳል። ይህ ወጪ ጣሪያ ከማልበስ በፊት፣ ማንም በማያየው ቦታ የሚቀበር ብር ነው። ስለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚዘለው፤ አልፎ አልፎም ግንበኛው ራሱ «እዚህ ሰፈር ሁሉም እንዲህ ነው የሠራው» እያለ የሚያጽናናው። ፒያሳ ዙሪያ ድንጋይ ላይ ያረፈ ቤት ይህን ወጪ አያውቅም። የካሬ ዋጋ ሲነጻጸር ይህም ልዩነት አብሮ ይግባ።

ውሃ፣ መብራት፣ መንገድ

የጎንደር የውሃ ችግር ጎንደርን ለማያውቅ እንኳ አዲስ ወሬ አይደለም። የአንገረብ ግድብ ለዓመታት ደለል እየሞላው ነው፤ ከተማዋ ደግሞ ግድቡ ሲታሰብ ከነበረችው ጋር አትተዋወቅም። ተስፋው መገጭ ላይ ነው። የመገጭ ግድብ ለመስኖም ለጎንደር የመጠጥ ውሃም ታስቦ የተጀመረ ሲሆን ግንባታው ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። ግድቡ ሲጠናቀቅ አዘዞ ተጠቃሚ እንደሚሆን የሚናገር ሻጭ ሁሉ የነገውን ውሃ በዛሬ ዋጋ እየሸጠ መሆኑን ልብ ማለት ነው። ለአሁኑ ዳር ላይ የሚኖር ሰው ሮቶ ይገዛል፣ ፈረቃ ይጠብቃል፣ ፈረቃው ሲዘገይ በጀሪካን ወይም በቦቴ ያስመጣል። ቤት ሲታይ ቧንቧው መኖሩን ማየት በቂ አይደለም። ቧንቧ ያለው ውሃ የሌለው ቤት ሞልቷል። የሚጠየቀው ውሃ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው የሚለው ነው፤ የሚጠየቀውም ሻጩ ሳይሆን በር ላይ ጀሪካን ይዞ የተሰለፈው ልጅ ነው።

ቆጣሪም ከወረቀት ጋር የተያያዘ ነው። ሰነድ የሌለው ቤት በስሙ ቆጣሪ ማስገባት ስለሚከብደው ከጎረቤት መስመር ይጎተታል። አንድ ቆጣሪ ሦስት አራት ቤት ሲሸከም እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት መብራቱ ይደክማል፣ ሂሳቡ ሲመጣ ደግሞ ጎረቤታሞች ይቀያየማሉ።

የአዘዞ ጎንደር መንገድ ሥራ ለዓመታት መጓተቱን ለአዘዞ ሰው መንገር ቀባሪን ማርዳት ነው። ከፒያሳ ያለው ርቀት ከአሥር ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን ሰዓቱ ነው። ጠዋት የዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ የሚገባ መምህር፣ ሆስፒታል ተረኛ የሆነች ነርስ፣ ልጅ መሐል ከተማ የሚያስተምር ወላጅ፣ በቀን ሁለቴ ታክሲና ባጃጅ ሲቀያይሩ የወር ወጪያቸው ከአንድ ክፍል ቤት ኪራይ ጋር መፎካከር ይጀምራል። ጸጥታ ሲደፈርስ የባጃጅ ሰዓት ይገደባል፤ ያኔ ከዋናው አስፋልት ሩቅ የሆነ ቤት ከምሽት በኋላ ከነጭራሹ የማይደረስበት ይሆናል። እገታ የሰው ሁሉ ስጋት በሆነበት በዚህ ወቅት ገዢዎች ከካሬው በፊት የሚጠይቁት «ጎረቤት አለ ወይ?» ብለው ነው። ገና ያልተሠራበት ሰፊና ፀጥ ያለ ሜዳ ድሮ ዋጋ ይጨምር ነበር፤ አሁን ይቀንሳል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል

ባጭሩ፣ ከባንክ አይመጣም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ፤ ጣሪያው ኋላ ላይ ከፍ ቢደረግም ቤት ገዢ ከወረፋው ጭራ ነው። ያለ ካርታ ቤት ደግሞ ባንክ በመያዣነት አይቀበልም፤ ዳር ላይ የሚገዛው ሰው ብድር ቢያገኝ እንኳ ቤቱን አስይዞ አይደለም። የቀረው እቁብ፣ የሚስት ወርቅ፣ የተሸጠ ከብትና ውጭ ያለ ዘመድ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 አልፎ ሄደ። በዚያው ሰሞን ፌሮውም ሲሚንቶውም አብሮ ተነሳ። ከዚህ ጋር አንድ ልማድ መጣ፤ ሻጩ ዋጋ የሚቆርጠው ጎረቤቱ ምን ያህል ሸጠ ብሎ ሳይሆን አሜሪካ ያለው የጎረቤቱ ልጅ ምን ያህል ይልካል ብሎ ሆነ። ደመወዝተኛው በብር የሚገባበት ጨረታ አይደለም።

ቀብድ ላይ አንድ ነገር። ሰው ቦታ እንዳያመልጠው ፈጥኖ ቀብድ ይጥላል። በሕጉ ቀብድ ሰጪው ከውሉ ከወጣ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ከወጣ እጥፍ ይመልሳል። ደላላ የመጀመሪያውን ግማሽ ለገዢ፣ ሁለተኛውን ለሻጭ ይናገራል፤ ሁለቱም ሙሉውን ቢሰሙ ይሻላቸዋል። መሬት አስተዳደር ሄዶ ማኅደሩ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑ ሳይረጋገጥ የሚከፈል ቀብድ ግን የገዢውን እጅ አስቀድሞ የማሰር ያህል ነው። የግድ መክፈል ካለበት፣ ካርታው ሕጋዊ ሆኖ ካልተገኘ ቀብዱ እንዳለ ይመለስ የሚል አንድ መስመር ውሉ ላይ ይጻፍ። የስም ማዛወሪያውንና የቴምብሩን ማን እንደሚከፍልም እዚያው ይግባ፤ ይህ ሳይነገር ቀርቶ የፈረሰ ሽያጭ ብዙ ነው።

መግዛት የግድ ነው ወይ?

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ቤት አልገዛም ቢል አይፈረድበትም። ለአንዳንዱ መከራየት ይሻለዋል፤ ለመኖሪያ ቤት ኪራይ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ተከራዩን ከቀድሞው በተሻለ ይጠብቀዋል። ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፣ ጭማሪውም መንግሥት በዓመት አንድ ጊዜ ከሚያሳውቀው አያልፍም። በተግባር ሁሉም ተከራይ ይህን ያገኛል ማለት አይደለም። ሆኖም ሁለት ዓመት መሐል ከተማ ተከራይቶ የማኅበሩን ተራ የሚጠብቅ ሰው፣ ያለ ሰነድ ቤት ገዝቶ ሌሊት የዶዘር ድምፅ ከሚያዳምጥ ሰው ይልቅ እንቅልፍ አለው።

ዳር መግዛት የሚያዋጣው ለማን ነው ከተባለ፣ ሕጋዊ ካርታ ላለው ቤት ትንሽ ጨምሮ ለሚከፍል፣ ሥራው አዘዞ ወይም አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ለሆነ፣ ልጆቹን እዚያው ለሚያስተምር ሰው ነው። ለእሱ አዘዞ ዳር አይደለም። ዕድሩም እዚያው ነው፤ አዳዲሶቹ ሰፈሮች ላይ ዕድር መቋቋሙ የሰፈሩን ዕድሜ ከማንኛውም ካርታ በላይ ይናገራል። ዕድር ያለበት ሰፈር ሰው ሊቆይ የወሰነበት ነው፤ መንገዱ ላይ ጠጠር የሚደፋው፣ ለትራንስፎርመር ገንዘብ የሚያዋጣው፣ ጥበቃ የሚቀጥረውም ያው ዕድር ነው። ለዕድር የመግቢያ የሚጠየቀው ገንዘብ በዛ ብሎ የሚያጉረመርም አዲስ ገቢ ብዙ ነው፤ የሚከፍለው ግን ከእሱ በፊት የነበሩት ለሠሩት መንገድ ጭምር ነው።

አሁን ደግሞ የንብረት ታክስ እየመጣ ነው። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል፤ ከተሞች ቤትና ቦታን እየገመቱ ግብር ይሰበስባሉ። ከዚህ ጋር አንድ ስሕተት እንዳይበረታ ያሰጋል። ዛሬም ቢሆን ሰነድ አልባ ቤት የሚሸጡ ሰዎች «ግብር እየተከፈለበት ነው» ብለው ደረሰኝ ያወጣሉ፤ ገዢውም ማኅተሙን አይቶ ልቡ ይረጋል። ደረሰኝ ብር መከፈሉን እንጂ ባለቤትነትን አያረጋግጥም። ከደረሰኙ ላይ የሚፈለገው የከፋዩ ስም ነው፤ ካርታው ላይ ካለው ስም ጋር ይመሳከር፣ ካርታው ከሌለም ደረሰኙን ለሻጩ መመለስ ነው።